ከፖስታ እስከ ኮምፒውተር፦ የክፍት ዩኒቨርሲቲ አስጠኚዎች

ጃንዋሪ 20 ቀን 1971 የብሪታንያ የፖስታ ሠራተኞች አድማ መቱ። አድማው ሰባት ሳምንት ያህል ዘለቀ። የአገሪቱ የርቀት ትምህርት ተቋም የሆነው ክፍት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ማስተማር ከጀመረ ያኔ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። 24,000 ያህል ተማሪዎቹ ሞጁላቸውን የሚቀበሉትም፣ አሳይመንታቸውን የሚልኩትም በፖስታ ስለነበር አድማው የሞት የሽረት ጉዳይ ሆነበት። ዩኒቨርሲቲው መጻሕፍቱን በመኪና እያስጫነ በየአካባቢው ወዳሉት የጥናት ማዕከላት ላከ፤ ተማሪዎቹም እየሄዱ ወሰዱ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእነዚያ ሳምንታት የቢቢሲ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ትምህርቱን ማሰራጨታቸውን አላቋረጡም። ለሕዝብ “የአየር ዩኒቨርሲቲ” ተብሎ የተነገረለት ተቋም አየሩ ክፍት ሆኖለት ሳለ በፖስታ ምክንያት ተጨነቀ። የርቀት ትምህርት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያ ታሪክ ተደርጎ ይጻፋል፤ መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ኢንተርኔት። የዚህን ዩኒቨርሲቲ ጉዞ ለሚከታተል ሰው ግን ጎልቶ የሚታየው ሌላ ነገር ነው፤ የተማሪውን ጽሑፍ አንብቦ መልስ የሚጽፍለት ሰው።

ሐሳቡ ወደ ፖለቲካ መድረክ የወጣው በሃሮልድ ዊልሰን በኩል ነው። የሌበር ፓርቲ መሪው በ1963 የፋሲካ ዕለት ረቂቁን ጻፈ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 8 ቀን ግላስጎው ላይ ባደረገው ንግግር ይፋ አደረገው። ሶሺዮሎጂስቱ ማይክል ያንግም ተመሳሳይ ሐሳብ ቀደም ብሎ በጽሑፍ አቅርቦ ነበር። ሆኖም ወረቀቱን ዩኒቨርሲቲ ያደረገችው ጄኒ ሊ ናት። የስኮትላንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ናት፤ በ1965 ጉዳዩን በሚኒስትርነት ስትረከብ ለሠርቶ አደሩ ተብሎ ደረጃው ዝቅ ያለ ትምህርት እንዲሰጠው አልፈቀደችም። ለመግባት የትምህርት ማስረጃ አይጠየቅም፤ የሚሰጠው ዲግሪ ግን ከማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ እኩል ይሆናል አለች። ከዚህ አቋሟ ንቅንቅ አለማለቷ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ምስጋና የሚገባው ይመስለኛል።

ንጉሣዊው ቻርተር በኤፕሪል 1969 ተሰጠ። የኤድንብራው የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ዋልተር ፔሪ ዩኒቨርሲቲውን እንዲመራ ተሾመ። በቀጣዩ ዓመት ወግ አጥባቂዎቹ ምርጫ አሸነፉ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ኢየን ማክሊዮድ ዕቅዱን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ነገር ግን በጁላይ 1970 በድንገት ሞተ። አዲሷ የትምህርት ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር በበኩሏ አንድን ሰው ለዲግሪ ለማብቃት የሚጠይቀው ወጪ ከሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያነሰ መሆኑን ተቀብላ ዩኒቨርሲቲው እንዲቀጥል አደረገች።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የአሠራር ጉዳይ ነው፤ ዋናው ነገርም እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱን የሚያዘጋጀው አንድ ፕሮፌሰር ብቻውን አልነበረም። መምህራን፣ የቢቢሲ አዘጋጅና አርታኢ አንድ ቡድን ሆነው በረቂቁ ላይ እርስ በርስ እየተተቻቹ ይጽፉት ነበር። የሳይንስ ተማሪ ቤቱ ድረስ የሙከራ ዕቃ ይላክለት ነበር፤ ከዕቃው መካከል በእጅ የምትያዝ ትንሽ የፕላስቲክ ማይክሮስኮፕ ነበረች። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አሳይመንቱ ሁለት ዓይነት ነበር። የምርጫ ጥያቄውን ኮምፒውተር ያርመዋል፤ የተጻፈውን መልስ ደግሞ አስጠኚው ያርመዋል።

የአስጠኚው ሥራ በቅርበት ሊታይ ይገባል። አስጠኚው ቀን ቀን በሌላ ተቋም የሚያስተምር፣ ማታ ደግሞ የክፍት ዩኒቨርሲቲን ወረቀት የሚያርም ሰው ሊሆን ይችል ነበር። ተማሪውን በአብዛኛው የሚያውቀው በእጅ ጽሑፉ ነበር። ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ቢመልስ ሥራው እንደጎደለ ይቆጠርበት ነበር፤ በወረቀቱ ኅዳግ ላይ አስተያየት መጻፍ፣ ከዚያም ፒቲ3 በተባለው ቅጽ ላይ ተማሪው ምን እንደተሳካለትና በሚቀጥለው ምን ማሻሻል እንዳለበት ማስረዳት ነበረበት። ይህም ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ከታረሙት ወረቀቶች እየመረጠ ለሌላ መምህር ይሰጥ ነበር፤ ያ መምህር የሚመረምረው የተማሪውን መልስ ሳይሆን የአስጠኚውን አስተያየት ነበር። የመምህርን እርማት እንዲህ በሥርዓት የሚከታተል መደበኛ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። በዚህ አሠራር የተማሩት ተማሪዎች የመጀመሪያ የምረቃ በዓል በጁን 1973 በለንደኑ አሌክሳንድራ ፓላስ ተከበረ።

ኮምፒውተር በ1988 ተማሪው ቤት ሲገባም የተፈተነው ይኸው የአስጠኚና የተማሪ ግንኙነት ነው። በዚያ ዓመት ዲቲ200 የተባለ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኮርስ ተከፈተ። ከ1,300 የሚበልጡ ተማሪዎች ኮምፒውተራቸውን በሞደም ከስልክ መስመር ጋር እያገናኙ ኮዚ በተባለ፣ በካናዳው የጌልፍ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ሥርዓት ይወያዩ ጀመር። ስልኩ በደቂቃ ያስከፍላል፤ ስለዚህ ተማሪው ገብቶ መልእክቶቹን ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጥና መስመሩን ዘግቶ ያነባል። ሮቢን ሜሰንና አንቶኒ ኬይ ይህን ልምድ በ1989 በመጽሐፍ አሳተሙት። ብዙው ተማሪ የሌሎችን መልእክት ያነብ እንጂ ራሱ አይጽፍም ነበር። ዛሬ የኦንላይን ትምህርት የሚያስተምር ሁሉ የሚያማርርበት ዝምታ ያን ጊዜም ነበረ ማለት ነው። አስጠኚዎቹም አዲስ ሙያ መማር ነበረባቸው፤ ውይይት መክፈት፣ ዝም ያለውን መጥራት፣ የተበታተነውን ሐሳብ መሰብሰብ።

የቢቢሲው የኮርስ ሥርጭት በ2006 ማብቂያ ላይ ቆመ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን አልተናጋም። ሞጁሉ ወደ ኢንተርኔት ዞሮ ነበር፤ አሳይመንቱም በኢሜይልና በድረ ገጽ ይመላለስ ነበር፤ እርማቱ ግን እንደ ቀድሞው በሰው እጅ ቀጠለ። በ2011 የስታንፎርዶቹ ሴባስቲያን ትረንና ፒተር ኖርቪግ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርሳቸውን ለዓለም በነፃ ሲከፍቱ 160,000 ያህል ሰው ተመዘገበ፤ የጨረሰው ወደ 23,000 ነው። ቪዲዮው ግሩም ነበር፤ ፈተናውንም ኮምፒውተር ያርመው ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰው ግን ወረቀቱን አንብቦ መልስ የሚጽፍለት አስጠኚ ሊኖር አይችልም።

በዚያው በ2011 ክፍት ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ ከጤና ድርጅቱ አምሬፍና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ ሂት የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ዓላማው በገጠር የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 ማሳደግ ነበር። 13 ሞጁሎች ከኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች ጋር ተዘጋጁ። በኢንተርኔትም ተለቀቁ፤ ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ላለችው ባለሙያ ግን በወረቀት ታትመው ቀረቡላት። የተግባር ሥልጠናና አስጠኚም ተመደበላት።