ጄኒፈርስ ቦዲ

ጄኒፈርስ ቦዲ («የጄኒፈር ገላ» እንደ ማለት) እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ሲሆን አስፈሪ ታሪክን ከጥቁር ኮሜዲ ጋር ያዋህዳል። ጥቁር ኮሜዲ ሞትን፣ ጥቃትንና ሐዘንን የመሳሰሉ ከባድ ጉዳዮችን በቀልድ የሚያነሳ የድራማ ዓይነት ነው። ድርሰቱን ዲያብሎ ኮዲ ጽፋለች፤ ካሪን ኩሳማ ደግሞ ዳይሬክት አድርጋዋለች። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ብዙ ተመልካች አላገኘም፤ ከሐያስያንም የተደበላለቀ አስተያየት ነበር የገጠመው። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ግን በሴት ልጆች ጓደኝነት፣ በጾታዊ ጥቃትና በሴቶች ኃይል ላይ የሚያጠነጥን ሥራ ተብሎ እንደገና ይታይ ጀመር።

ድርሰት፦ ዲያብሎ ኮዲ
ዳይሬክተር፦ ካሪን ኩሳማ
ተዋንያን፦ ሜጋን ፎክስ (ጄኒፈር)፣ አማንዳ ሳይፍሬድ (ኒዲ)፣ ጆኒ ሲመንስ (ቺፕ)፣ አዳም ብሮዲ (ኒኮላይ)
አከፋፋይ፦ ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ
ርዝመት፦ 102 ደቂቃ
ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ

ታሪኩ

ፊልሙ የሚጀምረው ኒዲ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሆና ነው። እዚያ እንዴት እንደደረሰች ራሷ ትተርካለች።

ኒዲና ጄኒፈር በሚኒሶታ ግዛት ዴቪልስ ኬትል በምትባል ትንሽ ከተማ አብረው ያደጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ጄኒፈር በውበቷ የታወቀች፣ ደፋርና አዛዥ ናት። ኒዲ ግን ዝምተኛና መነጽር የምታደርግ ልጅ ስትሆን ጓደኛዋን ከመከተል ወደኋላ አትልም። አንድ ምሽት ሎው ሾልደር የተባለ ከሌላ ከተማ የመጣ የሙዚቃ ቡድን ሊያዩ ወደ መጠጥ ቤት ይሄዳሉ። ሙዚቃው በመካሄድ ላይ እያለ ቤቱ በእሳት ተያይዞ ብዙ ሰው ያልቃል። በድንጋጤ የደነዘዘችውን ጄኒፈርን የቡድኑ ዘፋኝ ኒኮላይ በመኪናቸው ይዟት ይሄዳል። ኒዲ ልታስቀራት ብትሞክርም አይሳካላትም።

ወጣቶቹ ዝናና ሀብት ለማግኘት ድንግል ሴት ለሰይጣን ሊሠዉ ተነሥተዋል፤ ጄኒፈርንም በፏፏቴው አጠገብ ይገድሏታል። ሆኖም ጄኒፈር ድንግል ስላልነበረች ሥርዓቱ ይበላሻል፤ በሞተችው ልጅ ገላ ውስጥም ጋኔን ይገባል። ከዚያ ወዲያ ጄኒፈር ወንዶችን እያባበለች የምትበላ ፍጡር ትሆናለች። ስትጠግብ ቁስሏ ይድናል፣ ቆዳዋም ያበራል፤ ስትራብ ግን ፊቷ ይገረጣል፣ ጸጉሯም ይደበዝዛል።

ኒዲ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስለ አጋንንት የተጻፉትን አገላብጣ የጓደኛዋን ሁኔታ ብትረዳም የሚያምናት አታገኝም። የወንድ ጓደኛዋ ቺፕም በጄኒፈር ይገደላል። በመጨረሻ ኒዲ ወደ ጄኒፈር ቤት ገብታ በአየር ላይ ተንሳፋ የምትታገላትን ጓደኛዋን የጓደኝነታቸው ምልክት የሆነውን የአንገት ሐብል ትበጥስባታለች። ጄኒፈር ያኔ ኃይሏን አጥታ ትወድቃለች፤ ኒዲም በስለት ትገድላታለች። ይሁን እንጂ በትግሉ ስለተነከሰች ከጋኔኑ ኃይል የተወሰነው ወደ እርሷ ተላልፏል። ከማቆያው አምልጣ የሙዚቃ ቡድኑን ትበቀላለች።

ርዕሱና ቦታው

የፊልሙ ርዕስ የተወሰደው በኮርትኒ ላቭ የሚመራው ሆል የተባለ የሮክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1994 ካወጣው ዘፈን ነው። በማብቂያው የሚሰማው «ቫዮሌት»ም የዚሁ ቡድን ሥራ ነው።

ከተማዋ በልብ ወለድ የተፈጠረች ብትሆንም ስሟ ከእውነተኛ ፏፏቴ የመጣ ነው። በሰሜን ሚኒሶታ የብሩል ወንዝ በአንድ ስፍራ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ዴቪልስ ኬትል ወደሚባል ጉድጓድ ገብቶ ይሰወራል። ውኃው የት እንደሚደርስ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የግዛቷ የውኃ ባለሙያዎች ከፏፏቴው በላይና በታች ያለውን ፍሰት ለክተው መጠኑ ተቀራራቢ መሆኑን በማየታቸው፣ የተሰወረው ውኃ ተመልሶ ወደ ወንዙ እንደሚቀላቀል አሳውቀዋል። ፊልሙ የተቀረጸው ግን በካናዳ፣ በቫንኩቨር አካባቢ ነው።

አዘጋጆቹ

ዲያብሎ ኮዲ የአንዲት ነፍሰ ጡር ተማሪን ታሪክ በሚያሳየው «ጁኖ» እ.ኤ.አ. በ2008 የምርጥ ድርሰት ኦስካር ተሸልማለች። የ«ጁኖ» ዳይሬክተር ጄሰን ራይትማን ከጄኒፈርስ ቦዲ ፕሮዲውሰሮች አንዱ ነው። ካሪን ኩሳማ ደግሞ የታወቀችው ቦክስ ስለምትማር ወጣት ሴት በሚተርከው «ገርልፋይት» (2000) ነው።

ጭብጦች

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ብዙ የአሜሪካ አስፈሪ ፊልሞች ውስጥ ወሲብ የፈጸመች ወጣት ቀድማ ስትሞት፣ እስከ መጨረሻ የምትተርፈው ቁጥብ የሆነችው ልጅ ናት። ምሁሯ ካሮል ክሎቨር ይህችን ተራፊ «የመጨረሻዋ ልጅ» ብላ ሰይማታለች። ጄኒፈርስ ቦዲ ይህን ልማድ ይገለብጣል። ጄኒፈር ከሞት የምትመለሰው ድንግል ባለመሆኗ ነው፤ ከወንድ ጓደኛዋ ጋር ግንኙነት ያላት ኒዲም እስከ ፍጻሜው ትተርፋለች።

የመሥዋዕቱ ትዕይንት የፊልሙ ማዕከል ነው። ወንዶቹ እየቀለዱና እየዘፈኑ ይገድሏታል፤ ተመልካቹም ሳቁ መሐል ላይ ይቋረጥበታል። ጉዳቱ ግን በዚያ አያበቃም። ገዳዮቹ በእሳቱ ጊዜ ሰው እንዳዳኑ ጀግኖች ይቆጠራሉ፤ ዘፈናቸውም የከተማዋ የሐዘን መዝሙር ይሆናል። ጥቃት ፈጻሚዎች ሲከበሩ እውነቱን የምታውቀው ልጅ እንደ እብድ ትታያለች።

ፊልሙ የሴቶችን ኃይል ያሳያል ወይ የሚለው ጥያቄ አከራካሪ ነው። የጄኒፈር ኃይል የመጣው በእርሷ ላይ ከተፈጸመ ግፍ ነው፤ የምትገድላቸው ግን ያልበደሏት የትምህርት ቤቷ ልጆች ናቸው። እውነተኞቹን ወንጀለኞች የምትቀጣው ኒዲ ናት። በዚህ የተነሣ አንዳንዶች ፊልሙን የበቀል ታሪክ አድርገው ሲያዩት፣ ሌሎች ደግሞ ፍቅርና ቅናት የተቀላቀለበት የሁለት ልጆች ጓደኝነት እንዴት እንደፈረሰ የሚያሳይ አሳዛኝ ታሪክ ነው ይላሉ።

ለእይታ መብቃቱና ገበያው

ፊልሙ መጀመሪያ የታየው በመስከረም 2009 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ሲሆን መስከረም 18 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ተከፈተ። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ 6.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቶ በአምስተኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። 16 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ያስገባው 31 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ማስታወቂያው በዋናነት ወጣት ወንዶችን ዒላማ ያደረገ ሲሆን፣ በ«ትራንስፎርመርስ» ፊልሞች ዝነኛ በሆነችው በሜጋን ፎክስ መልክና ቁመና ላይ አተኩሯል። ኮዲና ኩሳማ ግን ፊልሙን ያዘጋጁት ለወጣት ሴቶች እንደነበር በኋላ በሰጧቸው ቃለ መጠይቆች ደጋግመው ተናግረዋል። በአሜሪካ የዕድሜ ምደባም ከ17 ዓመት በታች ያሉ ተመልካቾች ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዳያዩት ተደርጓል። በመሆኑም ለማየት የገቡት የጠበቁትን አላገኙም፤ የታሰበላቸውም ሴቶች ፊልሙ ለእነርሱ መሆኑን አላወቁም።

አቀባበልና ቅርስ

ከሐያስያን መካከል ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ ሦስት ሰጥቶታል፤ ብዙዎች ግን ፊልሙ በበቂ አያስቅም፣ በበቂም አያስፈራም ብለው ተችተውታል። ሜጋን ፎክስ ለከፋ ትወና በሚሰጠው የራዚ ሽልማት ስትታጭ፣ አማንዳ ሳይፍሬድ ደግሞ በኤምቲቪ የፊልም ሽልማት ፍርሃትን በማሳየት ብቃቷ አሸንፋለች።

እ.ኤ.አ. በ2017 ሴቶች የደረሰባቸውን ጥቃት በይፋ የተናገሩበት «ሚ ቱ» የተሰኘው እንቅስቃሴ ከተስፋፋ በኋላ ብዙ ጸሐፊዎች ወደ ፊልሙ ተመለሱ። ዝና ፍለጋ የሴትን ገላ የሚሠዉ ወንዶችና ድርጊቱን የማታይ ከተማ አዲስ ትርጉም አገኙ። በአሥረኛ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኮዲና ፎክስ ስለ ፊልሙ አቀባበል በጋራ ተወያይተዋል። ኮዲ የጻፈችው «ሊሳ ፍራንከንስታይን» (2024) ከጄኒፈርስ ቦዲ ጋር በአንድ የታሪክ ዓለም ውስጥ እንደሚገኝ ገልጻለች። ኩሳማም በበኩሏ በዱር ስለጠፉ ወጣት ሴቶች የሚተርከውን «የሎውጃኬትስ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ዳይሬክት አድርጋለች።