ናልባንዲያን፦ አንድ የሙያ ስምና የተፈሪ ማርሽ ክርክር

ከጎተራ ተነሥቶ በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲና አቃቂ የሚወርደው መስመር አዲስ አበባ እጇን አቆሽሻ የምትሠራበት ወገኗ ነው። ጋራዥ፣ የብረታ ብረት ቤት፣ መጋዘንና ፋብሪካ ይበዛበታል። ከተማዋ ከባሕር ማዶ የሚመጣላትን ሰውም ዕቃም ለረጅም ዘመን የተቀበለችው በዚሁ በደቡብ በር ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የጅቡቲው ባቡር አቃቂን ሳይረግጥ ለገሃር ገብቶ አያውቅም ነበር። በ1916 ዓ.ም. ጳጉሜ መግቢያ ላይም በዚሁ ሐዲድ አርባ ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች መጡ። አዲስ አበባ የደረሱበት ቀን ጳጉሜ 1 ነው፤ መቶኛ ዓመቱም ጳጉሜ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሞላ። ለዚያ ቀን መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ስለ ልጆቹና ስለ መምህራቸው፣ በተለይም መምህሩ ተሸክመውት ስለመጡት ስም መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የታሪኩ መነሻ ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለሆነ አላስረዝመውም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ሚያዝያ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ አስቀድመው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በአርመን ገዳም ከ1907ቱ የአርመኖች እልቂት የተረፉ ሕፃናት ያድጉ ነበር፤ ከእነሱም የተውጣጣ የነፋስ መሣሪያ ጓድ እንግዳውን በሙዚቃ ተቀበለ። ራስ ተፈሪ በልጆቹ ልባቸው ተነካ። ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አርባውን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ተስማሙ። የከተማው ሰው «አርባ ልጆች» አላቸው፤ በዚያው ስም ቀሩ። ሙዚቃ እንዲመሩና እንዲያስተምሩ የተሾሙት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1887 በአይንታብ የተወለዱት ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። ኬቮርክ ማለት ጊዮርጊስ ነው። ናልባንዲያን የሚለው ግን የእጅ ሥራ ስም ነው።

ናልባንድ በፋርሶችና በቱርኮች ዘንድ የፈረስና የበቅሎ ኮቴ ላይ ብረት የሚመታ ባለሙያ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ያን» ደግሞ በአርመንኛ ወገንን፣ ዘርን ያመለክታል። በኦቶማን ከተሞች የነበሩ አርመኖች በአብዛኛው የእጅ ጥበብ ሰዎች ስለነበሩ የአባት ሥራ የልጅ ስም ሆኖ ተላለፈ። አዲስ አበባ ይህን ስም አወጣጥ በብዙ ሰው አውቃዋለች። ለምኒልክ መሣሪያ ያስመጡ የነበሩትና በ1890ዎቹ መጨረሻ «የሰርኪስ ባቡር» የተባለውን በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ያመጡት ሰርኪስ ተርዚያን ስማቸው የልብስ ሰፊ ስም ነው። ከምኒልክ ዘመን እስከ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ፎቶግራፍ ሲያነሡ የኖሩት ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ደግሞ የቀለም ነካሪ ስም ይዘዋል።

ከእነዚህ መካከል የናልባንድ ስም ጎላ ብሎ የሚታየው በብዛቱ አይደለም። ቀጥቃጭነት በዓለም ሁሉ ስም ሆኗል፤ ለዓረቡ ሐዳድ፣ ለጀርመኑ ሽሚት፣ ለእንግሊዙ ስሚዝ ነው። በሃንጋሪ፣ የቤተሰብ ስም ከግል ስም በፊት በሚጠራበት አገር፣ ኮቫች የሚባለው ቀጥቃጭና ሳቦ የሚባለው ልብስ ሰፊ አገሩን ሞልተውታል። ከፈረስ ጫማ የወጣው ፓትኮሽ የሚለው ስም ግን ከእነሱ ጋር አይወዳደርም። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። በገጠር መንደር ማረሻም የሚሠራ፣ የፈረስ ጫማም የሚመታ አንድ ቀጥቃጭ ነው፤ ስሙም ቀጥቃጭ ተብሎ ይቀራል። ኮቴ መምታት ብቻውን ሙያ ሆኖ ራሱን የቻለ ማኅበር የሚኖረው ብዙ ፈረስና በቅሎ በሚያልፍበት፣ የነጋዴ ጉዞ በሚያድርበት፣ ወታደር በሚሰፍርበት ከተማ ነው። አይንታብን የመሰለ የገበያ ከተማ እንዲህ ያለውን ባለሙያ ይፈልግ ነበር።

እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ፈረሶቻችን ብረት ሳይመታላቸው በድንጋያማው ምድር ይጋልቡ ነበርና ሙያው ራሱ ብዙ አልተፈለገም። ፈረስ ግን ለትልልቅ ሰዎች ስም ይሰጥ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ራስ ተፈሪ አባ ጠቅል የተባሉት በፈረሳቸው ነው። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያዝዘው ሹም ባልደራስ ይባል ነበር፤ ማዕረጉ ግን የራሱ እንጂ የልጁ ስም አይሆንም። የእጅ ባለሙያው ከዚህም የባሰ ዕድል ነበረው። ጠይብ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ የሚሉት ቃላት ሰው የሚሰደብባቸው ነበሩ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን እስከ መከልከል የደረሱት ነውሩ ሥር ሰድዶ ስለነበር ነው። አዋጁ ከወጣ ከ16 ዓመት በኋላ የአባቶቹን ሙያ በኩራት በስሙ ላይ የተሸከመ ሰው የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ መሪ ሆነ። ይህን ነገር እንደ ቀላል ማለፍ አይገባም እላለሁ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ሙሴ ኬቮርክ የደረሱት ዜማ «ተፈሪ ማርሽ» ይባላል፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ እስከ 1967 ዓ.ም. አገልግሏል። ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ፣ የደብረ ኤልያሱ ባለ ቅኔ ሥራ መሆኑ በሰፊው ይታወቃል። የማይስማሙት በዘመኑ ላይ ነው። አንደኛው ወገን ማርሹ ለንግሥ በዓል ተብሎ የተዘጋጀ ነው ይላል፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሲጭኑ፣ ከብዙ አገር የመጡ መልእክተኞች ተሰብስበው ሳለ በይፋ መሰማቱን ይጠቅሳል። ሌላው ወገን ደግሞ ዜማው የተደረሰው እ.ኤ.አ. በ1926፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር በ1918 ወይም በ1919 ዓ.ም. ነው፤ በዓለ ንግሡ ያለቀለትን ሥራ ነው የተቀበለው ይላል።

ስሙን ብቻ ብንመረምር እንኳ ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ንጉሠ ነገሥት ተፈሪ አይባሉም ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ለአዲስ ንጉሠ ነገሥት በዓለ ንግሥ አዲስ ማርሽ የሚያዘጋጅ ሰው በአዲሱ ስመ መንግሥታቸው ይሰይመዋል እንጂ በቀድሞ ስማቸው አይጠራውም። ዜማው ተፈሪ ማርሽ የተባለው ሰውየው ገና ተፈሪ ሳሉ፣ አልጋ ወራሽ ሆነው ሰልፍ ሲያዩና እንግዳ ሲቀበሉ ይሰማ ስለነበር ነው። ሰው አንዴ ለምዶት ስለነበረም ከዘውዱ በኋላ ስሙን አልተወውም።

የመጀመሪያው ወገን አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለው፤ ግጥሙ ስለ ንጉሥ ይናገራል። በ1918 ዓ.ም. ዙፋኑ ላይ ያሉት ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው፤ ተፈሪ ንጉሥ የተባሉት መስከረም 1921 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ንግሥት ባለችበት አገር አደባባይ ላይ እንደዚያ ያለ ግጥም እንዴት ይዘመራል? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን የሚያፈርሰው የግጥሙን ዘመን እንጂ የዜማውን አይደለም። ማርሽ ያለ ቃል የሚሄድ ነገር ነው። ለእግር ነው የሚደረሰው። ኬቮርክ ዜማውን ለአርባዎቹ ልጆች ነሐስ ጽፈው፣ ቃሉ በኋላ፣ ንጉሥ የሚለው ማዕረግ እውነት ሲሆን ገባበት ብለን ብናስብ ሁለቱም ወገኖች ያነሡት ማስረጃ ይገጣጠማል። እኔ የማምነው ይህንን ነው።

ልዩነቱ ለምን ያሳስባል ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። ማርሹ የ1923 ከሆነ የዘውድ በዓል ጌጥ ነው፤ ከብዙ ጌጦች አንዱ። የ1918 ከሆነ ግን የልጆቹ ነው። ከእልቂት ተርፈው፣ በገዳም ያደጉ፣ በባዕድ አገር ገና ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ወይም በጭንቅ የሞላቸው ታዳጊዎች ነፍተው ያለማመዱት ዜማ ነው ማለት ነው። ብዙ ዓመት ስንቆምለት የኖርነው መዝሙር መጀመሪያ የተሰማው ከእነሱ እስትንፋስ ነው። ለእነሱ የሚገባው ምስጋና ለበዓሉ ድምቀት ብቻ ሲሰጥ ሳይ ያመኛል።

በእርግጥ የነሐስ ሙዚቃ በኢትዮጵያ የተጀመረው በእነሱ አይደለም። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒቆላዎስ ሁለተኛ የላኳቸው መሣሪያዎች በምኒልክ ዘመን ተነፍተዋል። የአርባ ልጆች ድርሻ በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደር፣ ኖታ አንብቦ የሚጫወት፣ መምህር ያለው ጓድ መሆናቸው ነው።

መዝሙሩ ከዚያ በኋላ ብዙ መንገድ ሄደ። በጠላት ወረራ ዘመን የግጥሙ ደራሲ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ የጃፓኑ ባንድ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላወቀ የራሱን አገር መዝሙር እንደተጫወተ የኦሎምፒክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በ1967 ዓ.ም. በዳንኤል ዮሐንስ ዜማና በአሰፋ ገብረ ማርያም ግጥም ሌላ መዝሙር ተተካ። ሙሴ ኬቮርክ ይህን አላዩም፤ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው።

ስሙ ግን በእሳቸው አላበቃም። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1915 በአይንታብ ተወልደው፣ በሶርያ አሌፖ አድገው በዚያው አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ገቡ። የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ መርተዋል፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ኦርኬስትራ አደራጅተዋል፣ አስተምረዋል፣ የአገሩን ቅኝት ለትልቅ ኦርኬስትራ አቀናብረዋል። ነርሲስ ያሠለጠኗቸው ሰዎች ናቸው የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ሙዚቃ የሠሩት። የኢትዮጵያ ዜግነትም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 አረፉ። ከብዙ ዓመት በኋላ የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ሥራዎቻቸውን ከመዝገብ አውጥቶ ተጫወተላቸው፤ ከኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች 32ኛውም ለእሳቸው የተሰጠ ነው፤ ርዕሱ ኢትዮጵያዊው ናልባንዲያን የሚል ነው።

የአርመኑ ማኅበረሰብ በድምሩ ትንሽ ነበር። በደህናው ጊዜ ከአንድ ሺህ ብዙም አልዘለለም፤ ዛሬ መቶ እንኳ መሙላቱ ያጠራጥራል። በፒያሳ አጠገብ ያለው የአርመን ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤቱና ክበቡ አሉ። ጫማ ሠሪዎቹም ይታወሳሉ፤ አርመኖች ያቋቋሙት ዳርማር በ1967 ዓ.ም. ብዙ ፋብሪካዎች ሲወረሱ ወደ መንግሥት ዞሮ አንበሳ ጫማ ሆኗል። አንጋፋ ሰዎች ዛሬም ዳርማር ሲሉ ይሰማል።

ከአብዮቱ በኋላ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ሄዱ። ተርዚያን፣ ቦያጂያን፣ ናልባንዲያን የሚሉት ስሞች እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ስም በመዝገብ ተጻፉ፤ ኢትዮጵያዊው ጎረቤታቸው ግን በዚያው መዝገብ ፊት ተቸገረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም ይኖረዋል ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአባትና በአያት ስም መጠራቱን አልተወም። ዛሬ በዋሽንግተን ወይም በቶሮንቶ የሚወለድ ልጅ የአያቱን ወይም የቅድመ አያቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞ ያድጋል፤ ቀጣዩም ትውልድ ያንኑ ይወርሳል። ሳሪስ ባለ የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ጣቢያ ወረፋ የያዘ ወጣት ግን እስከ አያት ሦስት ስም ያስመዘግባል፤ አባቱ ብረት በያጅ ቢሆን፣ አያቱ ሸማኔ ቢሆኑ፣ ያ ሙያ በመታወቂያው ላይ አይገኝም።