ቤቱና ሥዕሉ፦ የለንደን ቤት ሻጮች ከ1908 እስከ 1941

በቅሎ የሚገዛ ሰው ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ይገምታል፤ አስረግጦም አካሄዷን ይመለከታል። ሸማ የሚገዛም ጥለቱን ወደ ብርሃን አቅንቶ ድርና ማጉን ይመረምራል። ቤት ግን እንዲህ ባለ መንገድ አይመረመርም። መሠረቱ በአፈር፣ ማገሩ በልስን፣ ወራጁ በኮርኒስ ተሸፍኖ የሚቀር በመሆኑ ገዢው የሚያየው ሻጩ እንዲያይ የፈቀደለትን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ቤትን ማሻሻጥ ለብዙ ዘመን የቃል ጥበብ ሆኖ ኖሯል፤ ደላላው ስለ ጎረቤቱ ደግነት፣ ስለ ውሃው ቅርበት፣ ስለ ግቢው ነፋሻነት እየተናገረ ገዢውን ያግባባ ነበር። ይህ የቃል ጥበብ ወደ ሥዕል፣ ወደ ኅትመትና ወደ ትዕይንት ተለውጦ ራሱን የቻለ ሙያ ሲሆን በጉልህ ከታየባቸው ከተሞች አንዷ የሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያዋ ለንደን ናት። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1907 ከለንደን በስተሰሜን ጎልደርስ ግሪን በምትባል፣ ያን ጊዜ ከእርሻና ከመስክ በቀር ብዙም በማይታይባት ቦታ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ተከፈተ። በተከታዩ ዓመት የባቡሩ ድርጅት ያሳተመው የግድግዳ ማስታወቂያ በማስታወቂያ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ዛሬም ስሙ ይነሣል። በሥዕሉ ላይ አባወራው አበባ ያጠጣል፤ ሚስቱና ልጁ በአትክልቱ ውስጥ አረፍ ብለዋል፤ ከበስተጀርባቸውም የሚያምር ቤት ቆሟል። ሠዓሊው ስለ ጡቡ ጥራት፣ ስለ ክፍሎቹ ስፋት፣ ስለ ዋጋውም የነገረን ነገር የለም። ሥዕሉ ለተመልካቹ የሚያቀርበው ቤቱን ሳይሆን ከሥራ መልስ ያለውን ሰዓት ነው። በጢስ በታፈነችው ለንደን፣ በጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ለሚኖር የቢሮ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ የሚያጓጓ ነገር አልነበረም።

ይህን ዘዴ ከሁሉም በላይ ያራቀቀው ሜትሮፖሊታን የተባለው የባቡር ድርጅት ነው። በ1863 በዓለም የመጀመሪያውን የምድር ውስጥ ባቡር የከፈተው ይህ ድርጅት፣ ኋላ ሐዲዱን ከመሬት በላይ እያወጣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ገጠር ዘረጋው። በ1880 ሃሮው ደረሰ፤ በ1892 ደግሞ አይልስበሪ። የእንግሊዝ የባቡር ድርጅቶች ለሐዲድ ሥራ ከገዙት መሬት የተረፋቸውን መልሰው እንዲሸጡ ሕጉ ያስገድዳቸው ነበር። ሜትሮፖሊታን ግን የተረፈውን መሬት ይዞ የማልማት የተለየ መብት ከፓርላማ አግኝቷል። እንግዲህ አንድ ድርጅት መሬቱም ባቡሩም የእርሱ ሲሆን የሚያገኘው ጥቅም ድርብ ነው፦ ቤቱን አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ የቤቱ ባለቤት ወደ ሥራው በተመላለሰ ቁጥር ደግሞ ቲኬት ይሸጥለታል። ከ1908 እስከ 1930 ድርጅቱን በዋና ሥራ አስኪያጅነት የመራው ሮበርት ሰልቢ ይህን ሒሳብ ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። በ1919 ለቤት ሥራው ብቻ የተለየ ኩባንያ እንዲቋቋም ያደረገውም ስለዚህ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና በሚካሄድበት በ1915 የድርጅቱ የማስታወቂያ ክፍል አንድ ስም ፈለሰፈ፦ «ሜትሮላንድ»። በካርታ ላይ እንዲህ የሚባል አገር አልነበረም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 1932 በየዓመቱ በዚሁ ስም የታተመው ጥራዝ ግን አገሩን በወረቀት ላይ ፈጠረው። ጥራዙን የገለጠ ሰው በቀለም የታተሙ የደን ዳር አበቦችን፣ ጠማማ የገጠር መንገዶችን፣ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትንና በኮረብታ ላይ የሚግጡ ከብቶችን ያያል። በመጨረሻዎቹ ገጾች የቤት ሠሪዎች ማስታወቂያ፣ የዋጋ ዝርዝርና የባቡር ሰዓት ይከተላሉ። የቅደም ተከተሉን ብልኀት ልብ ይሏል፤ ቀድሞ ልብ ይማረካል፣ ኪስ የሚጠየቀው ኋላ ነው። ሠዓሊውና ጸሐፊው ይህን ያህል በአንድነት ለአንድ ሸቀጥ ተሰልፈው የሠሩበት አጋጣሚ ከዚያ በፊት ጥቂት ነው።

ነገር ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ራሱን የሚበላ ቅራኔ ነበረበት። ጥራዙ ገጠርን እያሳየ የሚሸጠው ቤት፣ በተሸጠ ቁጥር ያንኑ ገጠር ያጠፋው ነበር። ሃሮው፣ ፒነር፣ ዌምብሌይ ከመንደርነት ወጥተው እርስ በርሳቸው ተያያዙ። በሥዕሉ ላይ ላም የምትግጥበት መስክ በሚቀጥለው ዓመት መቶ ቤቶች ተሠልፈውበት ይገኛል፤ ሠዓሊውም አዲስ መስክ ፍለጋ አንድ ጣቢያ ወደፊት ይሄዳል። ድርጅቱ ራሱ በ1933 ወደ ለንደን የመጓጓዣ ቦርድ ተጠቃልሎ ሕልውናው አከተመ። ባለቅኔው ጆን ቤችማን በ1973 ለቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን በሠራው ፊልም እንደገና የጎበኘው ይህንኑ በወረቀት ላይ የተወለደ አገር ነው።

የባቡሩ ድርጅት የጀመረውን ነጋዴው ቤት ሠሪ ተቀበለው። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ቤቶች ተሠርተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ግን በግል ነጋዴዎች የተሠሩ ናቸው። በ1932 የእንግሊዝ ባንክ ወለድ ወደ 2 በመቶ ዝቅ ሲል ገንዘቡ ወደ ቤት ሥራ ጎረፈ፤ በሠላሳዎቹ ዓመታት አጋማሽም በግል ነጋዴዎች ብቻ በዓመት ከ250,000 በላይ ቤቶች ይሠሩ ጀመር። ቤት ሠሪው ገዢው ማን እንደሚሆን ሳያውቅ መቶና ሁለት መቶ ቤት አስቀድሞ ስለሚገነባ፣ ያልተሸጠ ቤት ማለት በየሳምንቱ ወለድ የሚበላው ዕዳ ነው። ከእንግዲህ የማስታወቂያው ፉክክር በመስክና በአበባ ሥዕል የሚበቃ አልሆነም።

በመጀመሪያ የተለወጠው የቤቱ ፊት ነው። የማዘጋጃ ቤቶቹ ኪራይ ቤቶች ቀጥ ያሉ፣ ጌጥ የሌላቸው፣ ነገር ግን በአብዛኛው በጥንቃቄ የተሠሩ ነበሩ። ነጋዴው የሚያባብለው ንዑስ ከበርቴ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው የወዛደር ቤት የያዘ መስሎ መታየትን ነበር። ስለዚህም ወደ ውጭ ያበጡ መስኮቶች፣ ባለቀለም መስተዋት የተገጠመባቸው በሮች፣ በጣሪያው ሦስት ማዕዘን ፊት ላይ በጥቁር የተቀቡ ሳንቃዎች ተጨመሩ። ሳንቃዎቹ በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ቤት ላይ ሸክም የሚሸከሙ ምሰሶዎች ነበሩ፤ እዚህ ግን በሚስማር ከመለጠፋቸው በቀር አንዳች ሥራ የላቸውም። ሠዓሊና ሐያሲው ኦስበርት ላንካስተር በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሠራር «የአክሲዮን ደላላ ቱዶር» ብሎ ሲሰይመው ስሙ እስከ ዛሬ ተጣብቆ ቀርቷል። ሆኖም ላንካስተር የሳቀበትን ቤት ብዙ ሰው ወዶ ገዝቶታል፤ ሳንቃው ውሸት ቢሆንም የራስን በር በራስ ቁልፍ መክፈት ውሸት አልነበረምና።

ቀጥሎ የመጣው የማሳያ ቤት ነው። ዴይሊ ሜይል የተባለው ጋዜጣ ከ1908 ጀምሮ ያዘጋጅ በነበረው የመኖሪያ ቤት ኤግዚቢሽን ሕዝቡ ሙሉ ቤት በአዳራሽ ውስጥ ተሠርቶ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ ጠረጴዛው ተሰናድቶ ማየትን ለምዷል። ቤት ሠሪዎችም ይህንኑ ወደየመንደራቸው አመጡት። በመንደሩ መግቢያ ላይ ያለው የመጀመሪያው ቤት በጥሩ አናጢ ተሠርቶ በተዋሰ የቤት ዕቃ ይሞላል። ቅዳሜና እሑድ ገዢዎች በነጻ መኪና ከጣቢያ ይወሰዳሉ፤ አንዳንዱ ሻጭ የባቡር ዋጋቸውን እስከ መክፈል ይደርሳል። ምድጃው ነዶ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ነጭ ሸክላ አብረቅርቆ የታየው ቤት ግን ለሽያጭ የሚቀርበው ቤት አይደለም። የሚሸጠው ከእርሱ በስተኋላ ገና በጭቃ ውስጥ የቆመው ነው። እዚህ ላይ የእንግሊዝ ሕግ ያመጣው እንግዳ ነገር አለ። በ1931 በተሰጠ ፍርድ መሠረት ገና በመሠራት ላይ ያለ ቤት የገዛ ሰው ቤቱ በአግባቡ ተሠርቶ እንዲያልቅለት መጠየቅ ይችላል፤ ተሠርቶ ያለቀ ቤት የገዛ ግን «ገዢ ራሱ ይጠንቀቅ» በሚለው አሮጌ ደንብ ይዳኛል። እንግዲህ ፍጹም ተሰናድቶ የተሸጠ ቤት ለዓይን ይበልጥ አስተማማኝ፣ ለሕግ ግን ይበልጥ አደገኛ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ማባበያ የክፍያው ቀላልነት ነው። የቤት ሥራና ቁጠባ ማኅበራት በተለመደው አሠራራቸው ከቤቱ ዋጋ እስከ 80 በመቶ ያበድሩ ነበር። ለ700 ፓውንድ ቤት ገዢው ራሱ 140 ፓውንድ ማቅረብ አለበት ማለት ነው፤ ይህም ለደመወዝተኛ የማይቻል ነበር። ስለዚህ ቤት ሠሪው በማኅበሩ ዘንድ የዋስትና ገንዘብ ያስቀምጣል፤ ማኅበሩም በዚያ ተማምኖ 95 በመቶ ያበድራል። ገዢው የሚጠበቅበት 35 ፓውንድ ብቻ ይሆናል። ማስታወቂያውም ይህን በትልልቅ ፊደል ያውጃል። ገዢው ግን አንድ ነገር አላወቀም፤ ማኅበሩ ያን ያህል ያበደረው ቤቱን መርምሮ ስላመነበት ይመስለዋል። እውነቱ ማኅበሩ ያመነው ቤቱን ሳይሆን የቤት ሠሪውን ተቀማጭ መሆኑ ነው።

ኤልሲ ቦርደርስና የታክሲ ነጂ የሆነው ባሏ በ1934 በወደ 690 ፓውንድ ቤት የገዙት በዚህ መንገድ ነው። ቦታው ከሜትሮላንድ በተቃራኒ፣ በለንደን ደቡባዊ ዳርቻ በዌስት ዊከም የሚገኘው ኮኒ ሆል ሲሆን፣ ማስታወቂያው ግን የዚያው የሜትሮላንድ ልጅ ነበር። ከገቡ በኋላ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ግድግዳው ረጠበ፤ የኤሌክትሪኩ ሽቦ አስጊ ሆነ፤ እንጨቱን ነቀዝ በላው። በ1937 ወርኀዊ ክፍያቸውን አቆሙ። አበዳሪው የብራድፎርድ ሦስተኛ ኢኩቴብል ማኅበር ቤቱን ለመረከብ ሲከስም ኤልሲ በበኩሏ የተበላሸ ቤት በማታለል ተሸጦልኛል፣ ካሣ ይገባኛል ስትል መልሳ ከሰሰች።

ሕግ ያልተማረችው ይህች የቤት እመቤት የሕግ መጻሕፍትን ራሷ አንብባ፣ ያለ ጠበቃ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ቆማ ተከራከረች። ጋዜጦች በሼክስፒር «የቬኒሱ ነጋዴ» ውስጥ በችሎት ቆማ ከምትሟገተው ከፖርሺያ ጋር አመሳሰሏት። የክርክሯ ፍሬ ነገር ጥበብን የሚመለከትም ነበር፦ በማስታወቂያ ላይ የሠፈረ ቃል ቃል ኪዳን ነው ወይስ ጌጥ? ቤቱ በጥሩ ዕቃ፣ በጥሩ እጅ ተሠርቷል ብሎ ያሳተመ ሰው ለተናገረው ተጠያቂ ካልሆነ፣ በዚያ ቃል ተማምኖ የዕድሜ ልክ ዕዳ የገባው ሰው ለምን ብቻውን ይጠየቃል? ሙግቱ ገና ሳያልቅ በሌሎችም መንደሮች በሺህ የሚቆጠሩ ገዢዎች ክፍያ በማቆም አደሙ። ከቤታቸው ያፈሰሰው ጣሪያ የግል ጉዳት መሆኑ ቀርቶ የጋራ ጉዳይ ሆነ።

በ1939 ፍርድ ቤቱ የማኅበሩንም የመረከብ ጥያቄ፣ የኤልሲንም የካሣ ጥያቄ ሳይቀበል ቀረ። በይግባኝ ግን ኤልሲ በከፊል ረታች። በዚያው ዓመት ፓርላማው ያወጣው የቤት ሥራና ቁጠባ ማኅበራት ሕግ ማኅበራቱ ከቤት ሠሪዎች የሚቀበሉትን የዋስትና ገንዘብ ገደብ አበጀለት፤ ተበዳሪውም ይህን በጽሑፍ እንዲያውቀው አዘዘ። ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1936፣ ቤት ሠሪዎቹ ራሳቸው ስማቸው እየጎደፈ መሄዱን አይተው የቤት ሠሪዎች መዝጋቢ ምክር ቤት አቋቁመዋል፤ በደንቡ መሠረት ለተሠራ ቤትም የምስክር ወረቀት ይሰጥ ጀመር። የምስክር ወረቀቱም ወዲያው በማስታወቂያዎቹ ላይ ታትሞ የሽያጭ መሣሪያ መሆኑ አልቀረም።

የመጨረሻው ፍርድ የተሰጠው በ1941 ነው። የጌቶች ምክር ቤት የይግባኙን ውሳኔ ሽሮ፣ ማኅበሩ አውቆ ማታለሉ አልተረጋገጠም በማለት ለማኅበሩ ፈረደ። በዚያን ጊዜ የማሳያ ቤቶቹ ተዘግተው፣ ከጣቢያ ገዢ የሚያመላልሱት መኪኖች ቆመው ነበር። ኤልሲ የተከራከረችለት ሕግ ግን ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ወጥቶ፣ እርሷ ሙግቷን ከተሸነፈች በኋላም ጸንቶ ይሠራ ነበር።