ዕድሜ ሲገፋ የኩላሊትን ጤንነት መጠበቅ

ኩላሊቶች ከወገብ ከፍ ብሎ በአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ የሚገኙ፣ እያንዳንዳቸው የተጨበጠ እጅ የሚያህሉ የሰውነት ክፍሎች ናቸው። በአንድ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ሲኖሩ፣ ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ደም የሚገባ ሲሆን፣ በሽንት መልክ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። የደም ግፊትን ማስተካከልና ለቀይ የደም ሕዋሳት መመረት የሚያስፈልገውን ሆርሞን ማመንጨትም የእነርሱ ተግባር ነው።

ከ40 ዓመት ዕድሜ ገደማ በኋላ ይህ የማጣራት አቅም በየዓመቱ በጥቂቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም፤ በርካታ አረጋውያን በቀሪው አቅም ያለ ችግር ይኖራሉ። ሆኖም መጠባበቂያው ስለሚሳሳ፣ በ30 ዓመት ጎልማሳ ላይ ጉዳት ሳያደርስ የሚያልፍ ተቅማጥ ወይም መድኃኒት በ65 ዓመት አዛውንት ላይ ኩላሊትን በድንገት ሊያደክም ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር ኩላሊት አብዛኛውን አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ሕመም አለማሰማቱ ነው። የእግር እብጠት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት መጥፋት የሚታዩት ብዙውን ጊዜ ዘግይተው ነው። ሽንት አረፋ ሲያበዛ ግን ፕሮቲን እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

ምርመራው ውስብስብ አይደለም። በደም ውስጥ ያለው ክሬአቲኒን ተለክቶ የማጣራት አቅሙ ይሰላል፤ በሽንት ውስጥም አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን መኖሩ ይታያል። የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች ሆኖ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ እንዳለ ይቆጠራል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ክሬአቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ በመሆኑ፣ ጡንቻቸው የሟሸሸ አረጋውያን ውጤት ኩላሊታቸው ተዳክሞ ሳለ ጤናማ ሊመስል ይችላል። ስለሆነም ቁጥሩን ብቻ አይቶ መመለስ አይገባም፤ ዕድሜን ያገናዘበውን ስሌት ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኩላሊትን በዋናነት የሚጎዱት የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው። ሁለቱም ለዓመታት ድምፅ ሳያሰሙ ስለሚቆዩ፣ የጡረታ ጊዜው የተቃረበ የመንግሥት ሠራተኛ ምልክት ሳይጠብቅ ቢመረመር ይመረጣል። የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ የኩላሊት ምርመራውን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ማድረግ ይኖርበታል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚያሻው ግን የሕመም ማስታገሻ አወሳሰድ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሠራተኛ ወገቡን ወይም ጉልበቱን ሲያመው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ ለሳምንታት የሚውጥበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ። በዚያው ላይ ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያሸና ክኒን የሚወስድ ከሆነ፣ የሦስቱ መድረስ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊያውክ ይችላል። ይህ ማለት ኢናላፕሪል ጎጂ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በሽንት ፕሮቲን ለሚፈስባቸው ኩላሊት ጠባቂ ስለሆነ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም። ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዝ ግን ሐኪም ለጊዜው ሊያስቆመው ስለሚችል ማማከር ያስፈልጋል። ለተራ ሕመም በተወሰነው ልክ የሚወሰድ ፓራሲታሞል ለኩላሊት የተሻለ ነው። ይዘታቸው የማይታወቅ የባሕል መድኃኒቶችንም በተመለከተ ጥንቃቄው ያው ነው።

ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በወጥ፣ በበርበሬና በሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ጨው አብሮ ይቆጠራል። የውሃ ጥም ስሜት በዕድሜ ስለሚደክም አረጋውያን ሳይጠማቸውም መጠጣት ይኖርባቸዋል፤ የልብ ድካም ያለባቸው ግን መጠኑን በሐኪም ያስወስናሉ። ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ሽንት አልወርድ ሲላቸው የፕሮስቴት ዕጢ እብጠት ሊሆን ስለሚችል፣ ሽንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊትን ሳይጎዳ መታከም አለባቸው።

ኩላሊት ሥራውን ሙሉ በሙሉ ሲያቆም የሚቀረው እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። እጥበቱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ወደ አራት ሰዓት የሚወስድ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከናውኗል።