ዳኛ ያጣ ክስ

በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም.፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅም በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ የኢጣልያ እንደራሴ የነበረው ማርሻል ግራዚያኒ ለጄኔራል ማሌቲ በላከው ቴሌግራም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ምክትል አበምኔቱ ሳይቀር በጥይት እንዲደበደቡ አዘዘ፤ ትእዛዙም በተፈጸመ ጊዜ 297 መነኮሳትና ተባባሪ ናቸው የተባሉ 23 ምእመናን መገደላቸውን፣ የጎተራ ሹም ያስገባውን እህል ለጌታው እንደሚያስቆጥር፣ ለሮም አስታወቀ። ዲያቆናቱ ጥቂት ቀን ቆይተው ተከተሉ። ነገሩን ኋላ የመረመሩ ሊቃውንት የሟቾቹ ቁጥር ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ አስረድተዋል።

እንግዲህ የኢትዮጵያ መንግሥት ከነጻነት በኋላ ስለ ተገደሉት ዜጎቹ ፍትሕ ሲጠይቅ፣ ከሳሽ ሁሉ የማይታደለውን ማስረጃ ይዞ ነበር፤ ተከሳሹ በገዛ ቃሉ መስክሮበታልና። የፍርድ ሚኒስቴር በ1941 እና በ1942 ዓ.ም. ካሳተማቸው ሁለት ቅጾች የፊተኛው የነሙሶሊኒንና የነግራዚያኒን ቴሌግራሞች ሲይዝ፣ ሁለተኛው የመርዝ ጋዙን፣ እንዲሁም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጀምሮ በአዲስ አበባ የሆነውን እልቂት ያዩ ሰዎች በመሐላ የሰጡትን ቃል ይዟል።

ማስረጃው ሳይጎድል ክሱን ያሰናከለው የዘመን አቈጣጠር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1936 ዓ.ም. በለንደን የተቋቋመው የጦር ወንጀል መርማሪ ጉባኤ ኢትዮጵያን ከአባላቱ አልቈጠራትም፤ የዓለም ጦርነቱም የተጀመረው በ1931 ዓ.ም. ማለቂያ ነው ባዮች በረቱ። የአውሮፓ ሰው ሲሞት ጦርነት፣ የኢትዮጵያ ሰው ሲሞት ግን ሌላ ነገር የሆነ ይመስል! የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. የተፈረመው የኢጣልያ የሰላም ውል በ38ኛው አንቀጹ ለኢትዮጵያ የኢጣልያ ተጠያቂነት ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እንዲቈጠር ወሰነ፤ በ45ኛውም ኢጣልያ ወንጀለኞችን አሳልፋ እንድትሰጥ ግዴታ ጣለባት።

ኢትዮጵያም ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የ10 ሰዎችን ስም አቀረበች። ጉባኤው ግን ክሱን በተመለከተበት በዚያው በ1940 ዓ.ም. ሥራውን ፈጽሞ ተበተነ፤ ከዚያም ባዶሊዮና ግራዚያኒ እንኳ ለፍርድ እንዲቀርቡ እንግሊዝ ትረዳት ዘንድ ብትጠይቅ የሰማት የለም።

ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቆሞ 19 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ጥፋቱ ግን ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ ነበር፤ እሱም በጥቂት ወራት ተፈታ። የሟች ወገን ደም መመለስን ወይም የደም ዋጋ መቀበልን የመምረጥ መብት በነበረበት አገር፣ የቀረው ገንዘቡ ብቻ ሆነ። ውሉ 25 ሚሊዮን ዶላር ወስኖ ነበር፤ ከኢጣልያ በተገኘው ካሳም የቆቃ ግድብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ።