አሸዋና በረኪና

ልጅ ሳለሁ በረኪና ስሙን ከቦርከና ወንዝ ያገኘ ይመስለኝ ነበር። ደሴ ያደገ ሰው አይፈርድብኝም። እናቴ ጋቢና ነጠላ ተሸክማ የምትወርደው ቦርከና ነው። የተወቀጠ እንዶድ አረፋ እስኪያወጣ ታሸዋለች፣ ልብሱን ድንጋይ ላይ ስትረግጥ ትውላለች፤ እልኸኛ እድፍ ሲገጥማት ብቻ ጠብታ በረኪና ታክልበታለች። ቃሉ «ቫሬኪና» ከሚለው የጣሊያንኛ ስም መምጣቱን የነገሩኝ ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ በገዛ ጓሮዬ፣ ጎመን የመሰለ ገንዳ ዳር የቆሙ የአገሬ ሰው ናቸው።

ቤቱን የገዛሁት ጓዳው ሰፊ ስለሆነ እንጂ ለመዋኛው ብዬ አልነበረም፤ ዋና አልችልም። ገንዳው 15,000 ጋሎን፣ ወደ 57,000 ሊትር ግድም ይይዛል። የቀድሞው ባለቤት አንድ ባልዲ የክሎር እንክብል ትቶልኝ ሄዷል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንክብሉን ተንሳፋፊው ዕቃ ውስጥ ስጨምር፣ በየቅዳሜው ደግሞ ውሃውን ወደ ኋላ ገልብጬ የማጣሪያውን አሸዋ ሳጥብ ኖርኩ። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? በሦስተኛው በጋ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። እንክብል ጨመርኩ፤ ባሰበት።

የበረኪናን ስም የነገሩኝ ሰው፣ ጋሼ የምላቸው፣ ሃያ ዓመት የሰው ገንዳ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡልኝና በትንንሽ ብልቃጦች ውሃ ቀድተው ጠብታ ጨመሩበት።

«ክሎርማ አለ» አሉ። «ታስሯል እንጂ።»

አሳሪው ሲያኑሪክ አሲድ ነው። የበረሃ ፀሐይ ጥበቃ የሌለውን ክሎር በሰዓታት ውስጥ ያጠፋዋል፤ ሲያኑሪክ አሲድ ክሎሩን ይዞ ከፀሐይ ይጋርደዋል። እንክብሉ ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ ነው። በአንድ ሚሊዮን 10 እጅ ክሎር ሲሰጥ 6 ያህል ሲያኑሪክ አብሮ ያስገባል። ክሎሩ ሥራውን ሠርቶ ያልቃል፣ ሲያኑሪኩ ግን ከውሃው ጋር ስለማይተን ይጠራቀማል። ከ30 እስከ 50 በቂ ሆኖ ሳለ የእኔ 160 ደርሷል። ከዚያ በኋላ ክሎሩ አልጌውን እያየ ዝም የሚል ዘበኛ ነው።

«ማጣሪያውንስ በስንት ጊዜው ታጥቢዋለሽ?»

«በየሳምንቱ፣ ጋሼ።»

«ምን በደለሽ?»

ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ በሆነው የአሸዋ ቅንጣት መካከል የሚቀረው ትንሽ ቆሻሻ ራሱ ማጣሪያ ነው፤ አሸዋው ብቻውን የማይዘውን ደቃቅ ነገር እሱ ይይዛል። የግፊት መለኪያው ከንጹሕ ልኩ ከ8 እስከ 10 ፒ.ኤስ.አይ. ሲጨምር ብቻ ይታጠባል። እኔ በየቅዳሜው የማጸዳ መስሎኝ የማጣሪያዬን ጥርስ ሳወልቅ ከርሜያለሁ።

የገረመኝ ሁለቱም ጥፋቴ ከአንድ ዓይነት የማጽዳት ጥድፊያ መምጣቱ ነው። ማታ ማታ ገንዳ የማጽዳትን ሥራ አመጣጥ ማንበብ ጀመርኩ፤ የዋናተኞች ታሪክ ይሆናል ብዬ ነበር። የጠበቀኝ የልብስ አጣቢዎች ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

አውሮፓ ውስጥ የተልባ እግር ጨርቅ ማንጣት የወራት ሥራ ነበር። ጨርቁ በአመድ ውሃ ይቀቀላል፣ መስክ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይና ጤዛ ይመታዋል፣ በኮመጠጠ ወተት ይነከራል፣ ተመልሶ መስክ ላይ ይሰጣል። እርጎ ለጨርቅ! እናቴ ይህን ብትሰማ የምታማትብ ይመስለኛል። ስዊድናዊው ካርል ቪልሄልም ሼሌ በ1774 ክሎርን አገኘ፤ በ1785 ፈረንሳዊው ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ጨርቅ እንደሚያነጣ አሳየ። ፓሪስ አጠገብ ዣቬል በምትባል ሰፈር ፈሳሹ ይመረት ጀመር። ግላስጎ ላይ ደግሞ ቻርልስ ቴናንት ክሎርን ከኖራ ጋር አዋህዶ በበርሜል የሚጫን ዱቄት አደረገውና በ1799 የፈጠራ መብት አወጣበት። የወራቱ ሥራ የቀናት ሆነ።

ከግላስጎ አጠገብ ባለችው ፔዝሊ ጆን ጊብ የሚባል ሰው ጨርቅ ማንጫ ነበረው። ለጨርቅ የሚሆን ጥሩ ውሃ ስላስፈለገው በ1804 የወንዙን ውሃ በጠጠርና በአሸዋ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ሠራ። ከሥራው የተረፈውን በጋሪ እየጫነ ለከተማው ሸጠ። ለጨርቅ ተጣርቶ የተረፈ ውሃ የከተማ መጠጥ ሆነ ማለት ነው። በ1829 ጄምስ ሲምፕሰን ለንደን ውስጥ ለቼልሲ የውሃ ድርጅት ትልቅ የአሸዋ ማጣሪያ ሠራ። የእነዚያ ማጣሪያዎች ምስጢር አሸዋው ላይ የሚበቅለው ቀጭን ሕያው ንጣፍ ነበር፤ ጋሼ «ምን በደለሽ» ያሉኝን ያኔ ይበልጥ ገባኝ።

ያ ነጭ ዱቄት ግን ወደ ውሃ ለመግባት መቶ ዓመት ፈጀበት። በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ዘመልቫይስ ሐኪሞችን እጃቸውን በክሎር ኖራ አስታጠበና የወላዶችን ሞት ቀነሰ፤ የሰሙት ጥቂቶች ናቸው። ጆን ሊል የሚባል የኒው ጀርዚ ሐኪም ነው መንገዱን የከፈተው። አባቱ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በያዘው ተቅማጥ ለዓመታት ተሠቃይቶ የሞተ ሰው ነበር። የጀርዚ ሲቲን ውሃ ያቀርብ የነበረው ድርጅት ውሃው ንጹሕ አይደለም ተብሎ በተከሰሰበት ጊዜ፣ ሊል ከመሐንዲሱ ጆርጅ ፉለር ጋር በሴፕቴምበር 1908 የማንጫውን ዱቄት ወደ ቡንተን ግድብ ውሃ ማስገባት ጀመረ። የከተማውን ሰው አላስፈቀደም። ፍርድ ቤት ቀርቦ ያንኑ ውሃ ቤተሰቡ ቢጠጣ ደስ እንደሚለው መሰከረ፤ ፍርዱም ለእሱ ሆነ።

ለመዋኛ ወረፋው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ገንዳ የሚጸዳው በመድፋት ነበር። ሞልቶ፣ ተዋኝቶበት፣ ሲደፈርስ ይለቀቃል፤ እንግሊዝ ውስጥ ውሃው በተቀየረ ዕለት መግቢያው ውድ፣ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ርካሽ የሚሆንባቸው መታጠቢያ ቤቶች ነበሩ። የጎንደሩ ፋሲል መዋኛም ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ እየተሞላ ሲያበቃ ይለቀቃል፤ ግን እሱ ለበዓል ነው። በ1910 ብራውን ዩኒቨርሲቲ ገንዳው ውስጥ የማንጫ ዱቄት ጨመረ። በጓሮ ገንዳ ማስቆፈር የሰፊው ሕዝብ አመል የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ሌሎች አጣቢዎች ትዝ አሉኝ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ቢልሃርዝያ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ቁልቁል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አየ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓመታት የደከሙበት ይህ ሥራ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አሰጣቸው። እንግዲህ ፔዝሊም፣ ግላስጎም፣ ዓድዋም ላይ ውሃ የዳነው በልብስ አጣቢ ደጅ ነው። እናቴ ቦርከና ላይ ስታጥብ ቁልቁል ምን እንደገደለች ማን ያውቃል።

የእኔ ገንዳ ግን ከመድፋት አልዳነም። ሲያኑሪክን የሚያወጣው ቀላሉ መንገድ ውሃውን መቀየር ነው። ግማሹን ለቅቆ መሙላት 160ን ወደ 80፣ እንደገና ግማሹን መልቀቅ ወደ 40 ያወርደዋል። ጋሼ በጥቅምት እንዳደርገው መከሩኝ፤ በሐምሌ ባዶ የቀረ ገንዳ ልስኑ በፀሐይ ይሰነጠቃል። እዚህ ላስ ቬጋስ የገንዳ ውሃ መንገድ ላይ አይለቀቅም። በቤቱ የፍሳሽ ቧንቧ አፍ በኩል ይገባና ተጣርቶ ወደ ሚድ ሐይቅ ይመለሳል፤ እኛም ከዚያው ሐይቅ እንጠጣለን። ጋሼ ሌላም አስጠነቀቁኝ፦ የገንዳ አሲድና በረኪና በአንድ ዕቃ አትለኪ፣ ጎን ለጎንም አታስቀምጪ፤ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣችው በጥቅምት፣ ውሃውን በለቀቅኩበት ሳምንት ነው። ከአውሮፕላን ወርዳ ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላት፣ ጓሮ ወጥታ ፓምፑ ውሃውን ወደ ቧንቧው ሲገፋ ቆማ አየች።

«ይኼ ሁሉ ውሃ» አለች «አንድ ነጠላ እንኳ ሳይታጠብበት ሊሄድ?»

ክሎር እንዳለበት፣ የነጠላዋን ጥለት እንዳያደበዝዘው እንደምፈራ ነገርኳት።

«ጥለቱን ወደ ላይ ይዤ ነዋ» አለችና ሳፋ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች።