የሳይንስ ትምህርትና የመማር ሳይንስ ግኝቶች

የመማር ሳይንስ ሰዎች ዕውቀትን እንዴት እንደሚቀስሙ፣ በአእምሯቸው እንደሚያቆዩና በሥራ ላይ እንደሚያውሉ የሚያጠና የምርምር ዘርፍ ነው። ዘርፉ ለሳይንስ ትምህርት ካበረከታቸው ግኝቶች አንዱ፣ በሚገባ የተዘጋጀ ገለጻን ማዳመጥ ብቻውን ለመማር ዋስትና እንደማይሆን ማሳየቱ ነው።

በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር ተማሪዎቻቸው በቀመር የሚሠሩ ጥያቄዎችን በትክክል ቢመልሱም፣ መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳብን በሚመለከቱ ቀላል ጥያቄዎች ላይ ብዙዎቹ እንደሚሳሳቱ ተገነዘቡ። ለምሳሌ ከባድ የጭነት መኪና ከትንሽ አውቶሞቢል ጋር ሲጋጭ፣ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል እኩል ነው። ሕጉን በቃላቸው የሚያውቁ ተማሪዎች ሳይቀሩ ግን የጭነት መኪናው ኃይል ይበልጣል ብለው ይመልሳሉ። ለዚህም ምክንያቱ ተማሪው ከዕለት ተዕለት ኑሮው ይዞት የመጣው ግንዛቤ በገለጻ ብቻ በቀላሉ የማይለወጥ መሆኑ ነው።

ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመሩት የማስተማር ዘዴ፣ መምህሩ አጭር ገለጻ ሰጥቶ ጥያቄ ያቀርባል። ተማሪው በመጀመሪያ ለብቻው ይመልሳል፤ ቀጥሎም ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር ተወያይቶ ምላሹን እንደገና ይሰጣል፤ በመጨረሻም መምህሩ ማብራሪያ ያክልበታል።

ተመራማሪው ሪቻርድ ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት፣ 6 ሺህ 542 ተማሪዎችን ባካተተ ጥናት፣ በገለጻ የተማሩት ሊያሻሽሉ ይችሉ ከነበረው ውጤት በአማካይ 23 በመቶውን፣ በተሳትፎ የተማሩት ደግሞ 48 በመቶውን ማሻሻላቸው ተመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣና 225 ጥናቶችን የገመገመ ሥራ ደግሞ፣ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች የሚወድቁ ተማሪዎች መጠን በገለጻ 33.8 በመቶ ሲሆን በተሳትፎ ወደ 21.8 በመቶ ዝቅ እንደሚል አመልክቷል።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ የሃርቫርድ ጥናት፣ በተሳትፎ የተማሩት በፈተና የተሻለ ውጤት ቢያመጡም ብዙ የተማሩ መስሎ የተሰማቸው ግን በገለጻ ሲማሩ እንደነበር አረጋግጧል። አእምሮን የሚያሠራ ትምህርት አድካሚ በመሆኑ፣ ተማሪው ድካሙን እንደ አለመማር ይቆጥረዋል።

ግኝቱ ለኢትዮጵያም ፋይዳ አለው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የዜጎችን ችግር ፈቺነት ማጎልበትን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። ይህ ዓላማ መሳካቱ የሚታወቀው ተማሪው ያወቀውን በአዲስ ጥያቄ ላይ ሲጠቀምበት ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች በሚሰጡ ሥልጠናዎችም ቢሆን የሠልጣኞች የእርካታ መጠይቅ ብቻውን የውጤት መለኪያ ሊሆን አይችልም። በመሆኑም ሥልጠና የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ከመጠይቁ ጎን ለጎን፣ ሠልጣኙ ምን መሥራት እንደቻለ የሚመዝኑ ጥያቄዎችን ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል።